የአባባ ዝንጉርጉር በርበሬ፦ የዘንድሮው ማስታወሻዬ

ጃንዋሪ 7፣ 2025

ዛሬ ገና ነው። እንደየዓመቱ ለአትክልት ቦታ ጎረቤቴ ለአባባ ደወልኩላቸው። እሳቸው ባፕቲስት ናቸው፣ የራሳቸውን ገና ካከበሩ ሁለት ሳምንት ሊሆናቸው ነው፣ ግን እኔ በኛ ገና ስደውል ሁሌ «ሁለተኛው ገናዬ መጣ» ይሉኝ ነበር። ስልኩን ያነሳችው ልጃቸው ናት። አባቴ አርፏል አለችኝ። ኖቬምበር ላይ፣ ለአሜሪካኖቹ የምስጋና በዓል ለታንክስጊቪንግ አንድ ሳምንት ሲቀረው።

እኔ ምንም አልሰማሁም። እዚህ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ኮሚኒቲ ጋርደናችን (ለየሰው ቁራሽ መሬት የሚሰጥበት የጋራ የአትክልት ቦታ ነው) ብርዱ ሲገባ ሰው ሁሉ መሬቱን አጽድቶ ይበታተናል፣ ከዛ በኋላ እስኪሞቅ ድረስ ማንም ማንንም አያይም፣ አራት ዓመት ሙሉ አጥር ለአጥር ስንሠራ ኖረን ቤታቸው የት እንደሆነ እንኳን አላውቅም ነበር። ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው ቀን ባልዲያቸውን ይዘው በሩ ጋ ቆመው ነበር፣ እኔ ሥራ ረፍዶብኝ ከመኪና ሳልወርድ እጄን አውለብልቤ ሄድኩ።

ለቅሶ አልደረስኩም። ቀብር አልቆምኩም። አርባቸውም አልፏል። ሆዴን እየበላኝ ነው።

ጃንዋሪ 18

ልጃቸው ቤት ሄድኩ። ድፎ ዳቦ ጋግሬ ነው የሄድኩት፣ ባዶ እጄን እንዴት ብዬ። ብዙ ተቀመጥን፣ አለቀስንም። እዚህ አገር በሁለተኛ ወር ለቅሶ የሚመጣ ሰው የለም መሰለኝ፣ መጀመሪያ ግራ ገብቷት ነበር፣ በኋላ ግን ስለሳቸው ማውራት ጀምራ ማቆም አቃታት። ልጅነታቸውን ነገረችኝ፣ ቼሳፒክ ቤይ ከሚባለው የባሕር ወሽመጥ ማዶ ነው ያደጉት፣ እናታቸው የክራብ (የባሕር ሸርጣን) ሥጋ እየፈለፈሉ ነው ያሳደጓቸው፣ እሳቸው ደግሞ ከሠላሳ ዓመት በላይ አውቶቡስ ነድተዋል። «አባባ» እያልኩ እንደምጠራቸው ታውቃለች። ትርጉሙን የነገርኳቸው ቀን ማታ ቤት ገብተው ለሷ ደውለው ነግረዋታል።

ልነሳ ስል ቤዝመንት ወርዳ ከፍሪዘር አንድ የጫማ ካርቶን አመጣች። ውስጡ የመድኃኒት ብልቃጦች ናቸው፣ በየብልቃጡ ላይ ወረቀት ፕላስተር ተለጥፎበት በእጃቸው ተጽፎበታል። እኔ ኮንዶ ነው የምኖረው፣ አንድ ማሰሮ አፈር እንኳን የለኝም፣ አንቺ ውሰጂው አለችኝ። የባቄላና የቲማቲሙ አርጅቷል፣ የበርበሬው ግን ሁለት ብልቃጥ ነው። አንዱ «ፊሽ፣ 2014» ይላል። ሌላው «ፊሽ፣ 2023፣ የኢትዮጵያ ጎን»።

የኢትዮጵያ ጎን የኔ ጎን ነው። የመጨረሻው ረድፋቸው የኔን አጥር ታክኮ ነበር።

ፌብሩዋሪ 2

ብልቃጡ ላይ «ፊሽ» የተባለው ፊሽ ፔፐር የሚባለው በርበሬ ነው፣ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ልጻፈው፣ እኔም እስከ 2021 ድረስ ሰምቼው አላውቅም ነበርና። ያ ዓመት እዚህ አካባቢ በ17 ዓመት አንዴ ከመሬት የሚወጡት ሲኬዳ የሚባሉ ነፍሳት የወጡበት ነው፣ ጩኸታቸው ሰው ከሰው አያነጋግርም ነበር፣ እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ መሬት ተሰጥቶኝ ምን እንደማደርግ ግራ ገብቶኝ ስቆም ጎን ያሉት ሽማግሌ በምልክት ጠርተው ቅጠሉ ነጭና አረንጓዴ የሆነ ችግኝ ሰጡኝ። በሽታ ያለበት መስሎኝ ነበር። ቅጠሉ ብቻ አይደለም፣ ዛላውም መጀመሪያ ወተት የመሰለ ነጭ ሆኖ አረንጓዴ መስመር አለው፣ ከዛ ብርቱካንማ ይሆናል፣ ሲበስል ነው ቀይ የሚሆነው። እንደዚህ የሚያምር በርበሬ አይቼ አላውቅም።

በ1800ዎቹ ቼሳፒክ ዙሪያ ጥቁር አሜሪካውያን ገበሬዎችና ወጥ ቤቶች ያለሙት የነበረ በርበሬ ነው። ኦይስተር (ዛጎል ውስጥ ያለ የባሕር እንስሳ) እና ክራብ የሚሸጡ ምግብ ቤቶች ነጭ ሶስ ሲሠሩ ቀለሙ እንዳይበላሽ ነጩን ዛላ ነበር የሚጨምሩት፣ ነጭ ሆኖ ያቃጥላል። ከጊዜ ብዛት ጠፍቶ ነበር። የተረፈው ሆራስ ፒፒን በሚባል ሠዓሊ ምክንያት ነው። ፒፒን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከአሜሪካ ጦር 369ኛው ሬጅመንት ጋር ዘምቶ ቀኝ ትከሻውን ተመቶ የተመለሰ ሰው ነው፣ ቀኝ እጁን በግራው እየደገፈ ነበር የሚስለው። ሕመሙን እንዲያስታግስለት በንብ ለመነደፍ ፔንሲልቬንያ ውስጥ ራልፍ ዊቨር የሚባል ንብ አናቢ ጋ ይሄድ ነበር፣ ለውለታው ደግሞ ዘር ይሰጠዋል። ይሄ በ1940ዎቹ ነው። ሁለቱም ከሞቱ በኋላ የዊቨር የልጅ ልጅ ዊልያም ዎይስ ዊቨር ዘሩን በትንንሽ ጠርሙስ ሆኖ አያቱ ፍሪዘር ውስጥ አገኘው፣ በ1995 ደግሞ ሲድ ሴቨርስ ኤክስቼንጅ በሚባለው የዘር ጠባቂዎች ማኅበር በኩል ለሰው ተዳረሰ።

አባባ ይቺን ታሪክ ስንት ጊዜ እንደነገሩኝ! ዘራቸውን ፍሪዘር የሚያስቀምጡትም ለዛ ነው። በነገሩኝ ቁጥር መጨረሻ ላይ ሰውዬው ሥዕሉ ሙዚየም ውስጥ አለ፣ ዘሩ ግን እኔ መሬት ላይ ነው ያለው ይሉ ነበር፣ እንደዛ ሲሉ ቀና ብለው ነው የሚቆሙት።

ፌብሩዋሪ 27

ዛሬ ጀመርኩ። ትናንት ማታ ብልቃጦቹን ከፍሪዘር አውጥቼ ሳልከፍታቸው አሳደርኳቸው፣ ቀዝቃዛ ዕቃ ወዲያው ከተከፈተ አየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት ወደ ውሃ ይቀየርና ዘሩን ያረጥበዋል፣ ይሄንንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ከ2014ቱ 60 የሚሆን ፍሬ አለ። ግማሹን ብቻ ነው የወሰድኩት፣ ዘር ሁሉ በአንዴ አይዘራም፣ አንድ ክፉ በጋ ከመጣ ዜሮ ነው። ከ2023ቱ ደግሞ 20። በእርጥብ ሶፍት ጠቅልዬ ዚፕሎክ ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ከትቼ ማሞቂያው ምንጣፍ ላይ አስቀመጥኩ። 80 ፋራናይት አካባቢ ነው የሚፈልገው።

11 ዓመት ያስቆጠረ የበርበሬ ዘር ነው። ክፍል ውስጥ ቢሆን ኖሮ ሦስት አራት ዓመት ነው ዕድሜው፣ ፍሪዘር ስለሆነ ነው ተስፋ የማደርገው።

ማርች 8

የ2023ቱ ፈነዳ። 14ቱ ነጭ ሥር አውጥተዋል። የ2014ቱ ዝም።

ማርች 13

ዝም። ሶፍቱ መሽተት ጀምሮ ነበር፣ ቀየርኩት።

ማርች 19

አንድ! ጠዋት ከሥራ ገብቼ የሥራ ልብሴን ሳላወልቅ ነው ያየሁት፣ የክር ጫፍ የምታክል ነጭ ነገር። ቁጭ ብዬ ብዙ አየኋት።

ማርች 24

አራት ሆኑ። ከ30 አራት። ሌሎቹ ለስልሰው በጣት ሲነኩ ይፈርጣሉ፣ በቃ የሞቱ ናቸው። አራቱን ትንንሽ ኩባያ ውስጥ ተከልኳቸው፣ ላያቸው ላይ በትልቁ 2014 ብዬ ጻፍኩ።

ኤፕሪል 2

ከአራቱ አንዷ ሙሉ በሙሉ ነጭ ሆና ወጣች። ቆንጆ ናት ግን አትኖርም፣ አረንጓዴ ከሌላት ምግብ መሥራት አትችልም፣ ዘሩ ውስጥ ያለውን ስትጨርስ ትደርቃለች። ይሄ በርበሬ አንዳንዴ እንደዚህ ያወጣል። ነቅዬ ልጣላት አልቻልኩም፣ ከሌሎቹ ጋር መብራት ሥር ተውኳት።

ቡሬ ላለችው እማዬ ደወልኩላት። እነሱ ጋ በርበሬ የቤት ሥራ ነው፣ መደብ ላይ ችግኝ አፍልተው ክረምቱ ሲገባ ነው የሚያዛውሩት። ስነግራት መጀመሪያ የጠየቀችኝ «የማን ዘር ነው?» ብላ ነው። የሞቱት ጎረቤቴ አልኳት። ነፍስ ይማር ብላ ትንሽ ቆየችና «እንግዲያው አንዷን እግር አትልቀሚያት፣ ላለፈ ላገደመው ተያት፣ ለነፍሳቸው» አለችኝ። ውሃ አታብዢ፣ አንገቷ ላይ ይበሰብሳል አለችኝ ደግሞ።

ኤፕሪል 8

ነጯ ደረቀች።

ኤፕሪል 20

ዘንድሮ ፋሲካችን ከነሱ ጋር ገጥሟል። ቤቱ በዶሮ ወጥ ሽታ ታፍኖ እኔ መብራቱ ሥር ነኝ፣ ምክንያቱም ዛሬ ሦስቱም የ2014 ችግኞች ነጭ ጠብታ ያለበት ቅጠል አወጡ። ሲበቅሉ እኮ አረንጓዴ ናቸው፣ ዝንጉርጉርነቱ ሁለተኛና ሦስተኛው ቅጠል ላይ ነው የሚመጣው፣ እስከዛ ድረስ እውነተኛ መሆናቸውን በምን ታውቃለህ። አሁን አወቅኩ።

የ2023ቱ ግን 9ኙ ዝንጉርጉር፣ 5ቱ ጥርት ያለ አረንጓዴ ናቸው። አልወደድኩትም። በርበሬ ራሱን በራሱ ያዳቅላል፣ ግን ንብ ከመጣች ከጎን ያለውን ታመጣበታለች። ከጎን ያለው ደግሞ የኔው ነው። ከሐበሻ ሱቅ የማረቆ ነው ተብዬ ከገዛሁት ዛላ ፍሬ አውጥቼ የዘራሁት በርበሬ አጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ማለት የሳቸውን ዘር ያበላሸሁት እኔ ልሆን ነው።

ሜይ 4

የአባባ መሬት ለሌላ ሰው ተሰጠ። ተራ የሚጠብቅ ሰው ብዙ ነው፣ ትክክል ነው፣ ግን አጥሩን አልፌ የሰማያዊ ወንበራቸውን ቦታ ባዶ ሳየው ክፉኛ ከፋኝ። የመጡት ወጣት ባልና ሚስት ናቸው፣ ስለሳቸው ነገርኳቸው፣ ያንን የመጨረሻውን ረድፍ ዘንድሮ ለኔ ብትተዉልኝ ብዬ ለመንኳቸው። ባልየው ሳያስጨርሰኝ ያንቺ ነው አለኝ። እግዜር ይስጠው።

ሜይ 17

ተከልኩ። ለአሥር ቀን በረንዳ ላይ እያወጣሁ እያስገባሁ ነፋሱንና ፀሐዩን አለማመድኳቸው፣ ሌሊቱ ከ55 ፋራናይት በላይ እስኪሆን ጠበቅኩ። አፈራችን ቀይ ሸክላ ነው፣ ሲደርቅ ጡብ ሲረጥብ ጭቃ፣ ስለዚህ ኮምፖስት በደንብ ቀላቀልኩበት። ላዩን እንደሳቸው አደረግኩት፣ መጀመሪያ ጋዜጣ ከዛ ጭድ። ሦስቱ የ2014 በሳቸው ረድፍ ገቡ። የ2023ቱን ዝንጉርጉሮች እኔ መሬት ላይ። አምስቱን አረንጓዴዎች ልጥላቸው ነበር፣ እጄ እምቢ ስላለኝ ጥግ ላይ ደርድሬ ተከልኳቸው።

ጁን 8

ግራውንድሆግ የሚባለው መሬት ቆፋሪ እንስሳ ገብቶ አንዷን የ2014 በልቷታል። ጉቶ ነው የቀረው፣ ሁለት አንጓ ብቻ። ሽቦ ገዝቼ ስመጣ መሽቶ ነበር፣ በስልክ መብራት አጠርኳቸው። ከሦስት ሁለት። እያለቀሱ ሽቦ ማሰር ይከብዳል።

ጁን 17

ከጉቶዋ ጎን ቅጠል ወጣ። ያውም ዝንጉርጉር።

ጁን 25

ሙቀቱ አይቻልም፣ ሦስት ቀን ሆነው። አበባው ሁሉ እየረገፈ ነው፣ በርበሬ ሙቀት ይወዳል ይባላል እንጂ ከ95 ፋራናይት ሲያልፍና ሌሊቱም አልቀዘቅዝ ሲል አበባውን ይጥላል። ነጭ ቅጠል ደግሞ ፀሐይ አይችልም፣ ጠርዙ ወረቀት መስሎ ተቃጠለ። ጥላ የሚሆን ጨርቅ ልገዛ ብሄድ አልቋል። ቤት ጥግ ላይ የተቀደደች ነጠላ ነበረችኝ፣ እሷን በአራት እንጨት ወጥሬ አለበስኳቸው። ብርሃኑን ታሳልፋለች፣ ግን ታበርዳለች። ውሃ ጠዋት ብቻ፣ ከሥር።

አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያያል። አንዷ ፎቶ አነሳችው።

ጁላይ 6

ቀዝቀዝ አለ፣ አዲስ እምቡጥ መጣ። ዘንድሮ ዘሩን ለንብ አልተውም። ከሠርግ የተረፉ ስስ የስጦታ ከረጢቶች ነበሩኝ፣ ከረሜላ የሚታደልባቸው፣ አበባው ሳይፈነዳ በየቅርንጫፉ አልብሼ በክር አሰርኩ። ጠዋት ጠዋት ቅርንጫፉን በጣት ነካ ነካ ማድረግ ነው፣ ብናኙ እንዲወድቅ። ዛላው ሲይዝ ከረጢቱ ይወልቅና ዘንጉ ላይ ቀይ ክር ይታሰራል፣ የዘር መሆኑ እንዲታወቅ።

ቀይ ክር ሳስር አንድ ነገር ትዝ አለኝ፣ እስካሁን እንዴት እንዳላስታወስኩት አላውቅም። አምና በጋ በመጨረሻው ረድፋቸው ላይ አንድ አረንጓዴ ቅጠል ያለው በርበሬ ነበር፣ ቀይ ክር ታስሮበታል። እሳቸው ደግሞ ከመልኩ የወጣ ነገር አይወዱም፣ ወዲያው ነው የሚነቅሉት። ይሄን ለምን ተዉት ብያቸው ነበር። «ይሄ ዘመድ ነው፣ ጎረቤቴ» አሉኝ፣ ጎረቤቴ ነበር የሚሉኝ ሁሌ፣ እኔ የቀለዱ መስሎኝ ስቄ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

ጁላይ 27

አረንጓዴዎቹ ዛላ ያዙ። ረጃጅም ናቸው፣ ወደ ታች የተንጠለጠሉ፣ መስመር የላቸውም፣ ትከሻቸው ሰፋ ያለ ነው። የማረቆው ልጆች ናቸው፣ ምንም ጥያቄ የለውም። የዝንጉርጉሩ ዛላ አጠር ብሎ ሁለት ሦስት ኢንች ነው።

ብልቃጡ ላይ «የኢትዮጵያ ጎን» ብለው የጻፉት ተጠንቀቂ ለማለት ነው ብዬ ነበር እስካሁን የማስበው። አሁን እንደዛ አይመስለኝም። ከየትኛው ጎን እንደለቀሙ ያውቃሉ፣ ምን ሊበቅል እንደሚችል ያውቃሉ፣ የአምናውን ደግሞ ራሳቸው ዘርተው አይተውታል።

አንድ ጊዜ ይሄ የአገሬ በርበሬ ነው ብዬ የኔን ሳሳያቸው፣ በርበሬ ሁሉ መነሻው ይሄ አህጉር ነው፣ ወደናንተ በመርከብ ነው የሄደው አሉኝ። ቅር ብሎኝ ነበር፣ በርበሬ የኛ ካልሆነ ምን የኛ ነው ብዬ። ቤት ገብቼ ሳነብ እውነታቸውን ነው፣ ኮሎምበስ አሜሪካ ከመድረሱ በፊት አፍሪካ ውስጥ በርበሬ አልነበረም። በማግስቱ ሄጄ ልክ ነዎት ስላቸው «ታዲያ ዞሮ ቤቱ ገባ፣ ከሀብታም ዘመድ ጋር» አሉኝና ውሃ ማጠጣታቸውን ቀጠሉ።

ኦገስት 10

ልጃቸው መጣች። ነጩን ዛላ ለቀምንላትና ቤቴ ይዣት ሄድኩ፣ የአያቷን ሶስ ልትሠራ። ቅቤ አቅልጣ፣ ነጩን በርበሬ ውስጡ ያለውን ጅማት አውጥታ (የሚያቃጥለው ዋናው እሱ ነው፣ ፍሬው አይደለም) ደቃ ደቃ አድርጋ ከትፋ፣ ከዛ ዱቄት፣ ከዛ ክሬም፣ መጨረሻ ላይ ኦይስተሩ። ነጭ ሆኖ ቀረ፣ አንድም ቀለም አልነካውም። ፍልሰታ ስለሆነ እኔ አልቀመስኩም፣ አጠገቧ ቆሜ አሸተትኩ ብቻ። እሷ የመጀመሪያውን ማንኪያ ስትቀምስ ዓይኗን ጨፍና ቆየች፣ በርበሬው ይሁን ሌላ አልጠየቅኳትም። ግማሹን ፍሪዘር ከታልኝ ሄደች።

ኦገስት 23

ጾሙ ተፈታ፣ ሶሱን አሙቄ በላሁት። መጀመሪያ ቅቤ ቅቤ ይላል፣ ቆይቶ ጉሮሮ ላይ ነው የሚነሳው።

ሴፕቴምበር 11

እንቁጣጣሽ። ከረጢት ከለበሱት ዛላዎች የመጀመሪያዎቹ ሰባት ደም መስለው ቀሉ። የዘር ዛላ ቀልቶ ትንሽ መሸብሸብ እስኪጀምር ነው የሚጠበቀው፣ ቶሎ ከተቆረጠ ፍሬው አይበስልም። ጓንት አድርጌ ከፈትኳቸው፣ ሳህን ላይ በተንኳቸው (ወረቀት ላይ ይጣበቃሉ)፣ ሁለት ሳምንት ጥላ ቦታ። ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል ማለት ነው።

ግራውንድሆግ የበላት እሷ ዘግይታ ነው ያፈራችው፣ ሦስት ዛላ ብቻ፣ ግን አፍርታለች። እማዬ እንዳለችው አንዷን የ2023 ዝንጉርጉር በሩ ጋ ያለችውን አልለቀምኳትም። ባዶ ሆና ነው የማገኛት ሁሌ፣ ማን እንደሚወስድ አላውቅም።

ኦክቶበር 5

የአረንጓዴዎቹን በርበሬ፣ የዘመዱን፣ ግማሹን በክር ሰክቼ አሰጣሁት፣ ግማሹን እንደቀላ ዳጣ ፈጨሁት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ በሶብላ፣ ኮረሪማ። ከማረቆው ይልቅ ያቃጥላል፣ ሽታው ግን የበርበሬ ሽታ ነው፣ የኛ። አምስት ጠርሙስ ወጣው። ከአንዷ እግር ብቻ ዘር ያዝኩ፣ በቀጣዩ ዓመት ምን እንደሚወጣ አላውቅም፣ አንዱ ዝንጉርጉር አንዱ አረንጓዴ እየሆነ ይበታተናል፣ ስንት ዓመት ተመርጦ ነው አንድ መልክ የሚይዘው። ዕድሜ ከሰጠኝ እመርጣለሁ። ሲኬዳዎቹ በ2038 ይመለሳሉ፣ እስከዛ ይደርሳል።

ኦክቶበር 28

ውርጭ ሊመጣ ነው። ግራውንድሆግ የበላትን ከነሥሯ ነቅዬ ባልዲ ውስጥ ከትቼ ቅርንጫፏን ቆርጬ ቤት አስገባኋት። በርበሬ እኮ ብርድ ካልገደለው ዓመት ከዓመት የሚኖር ተክል ነው።

ብልቃጦቹን ሞላሁ። «ፊሽ፣ 2025፣ ከአባባ 2014» ሦስት ብልቃጥ፦ አንዱ ለኔ፣ አንዱ ለልጃቸው ፍሪዘር፣ አንዱ ለነዚያ ባልና ሚስት፣ እነሱ የሳቸው መሬት ላይ ስለሆኑ። የተዳቀለው «ዘመድ፣ 2025» ነው የተባለው። የተረፈውን 30 የ2014 ፍሬ አልነካሁትም።

ኖቬምበር 15

ነገ የቼሳፒክን ድልድይ፣ ቤይ ብሪጅን፣ ተሻግረን መቃብራቸው ጋ እንሄዳለን፣ ዓመታቸው ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው ግን ልጃቸው የምትችለው ነገ ብቻ ነው። የዘመዱን ዳጣ አንድ ጠርሙስ ለዘመዶቻቸው ይዣለሁ፣ ድፎም ጋግሬያለሁ። በጁን በርበሬውን ያለበስኩትን ነጠላ ጭቃው እስኪለቅ ሦስት ጊዜ አጠብኩት፣ የተቀደደውን ሰፋሁት። አዘቅዝቄ ነው የምለብሰው።